ቪቫዶ 2.4 ዋት አለ፣ ቦርዱ 0.1 ዋት አለ፦ የአንድ ኤፍፒጂኤ የኃይል ልኬት የጉዳይ ጥናት

ተማሪዬ ላፕቶፗን ይዛ ስትገባ ፊቷ ላይ ደስታም ጥርጣሬም ነበር። ለማስተርስ ማሟያዋ የሠራችው፣ ምስል አይቶ ምን እንደሆነ የሚለይ አክስለሬተር (ለአንድ ሥራ ብቻ ተሠርቶ ያንን ሥራ የሚያፈጥን ሰርኪት)፣ ቦርዱ ላይ ሲሠራ የሚበላው ኃይል 0.1 ዋት ብቻ ሆኖ ወጥቶላታል። “መምህር፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ካነበብኳቸው ሥራዎች ሁሉ እበልጣለሁ” አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ግን ቪቫዶ 2.4 ዋት ነው የሚለው” ብላ ጨመረች። ቪቫዶ ሰርኪቱን የምንነድፍበት ሶፍትዌር ነው።

ሃያ አራት እጥፍ። ግምትና ልኬት 20 በመቶ ቢለያዩ ማንም አይደነግጥም፤ ሃያ አራት እጥፍ ሲለያዩ ግን ቢያንስ አንዱ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። በኋላ እንደታየው ሁለቱም ቁጥሮች ልክ አልነበሩም። በመካከላቸው ያለውን ገደል የቆፈሩት አራት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው የእኔው ስህተት ነው። ነገሩን ፈትተን እስክንጨርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀብን።

ቦርዱ ዚንክ አልትራስኬል ፕላስ የተባለውን ቺፕ የተሸከመ ነው። አንድ ሲሊከን ላይ አራት የአርም ኮርቴክስ ኤ53 ኮሮች ያሉት የፕሮሰሰር ክፍልና ሰፊ የኤፍፒጂኤ ክፍል፣ ማለትም ሰርኪቱን ራሳችን እንደፈለግን የምናዋቅረው ክፍል፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቦርዱን አምራች አልጠራም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋት የለበትምና። ሊኑክስ በኮሮቹ ላይ ይነሳል፤ አክስለሬተሩ ኤፍፒጂኤው ውስጥ ነው። በየ40 ሚሊሰከንዱ አንድ ምስል ከካሜራ ይመጣል፣ ማለትም በሰከንድ 25። ኮሮቹ ምስሉን አሳንሰው ያዘጋጁታል፣ አክስለሬተሩ 6 ሚሊሰከንድ ያህል ሠርቶ መልሱን ይሰጣል፣ ቀሪውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ቪቫዶ ያለውን እንይ። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው የኃይል ቁጥር ግምት ነው። የሲሞስ ሰርኪት፣ የዛሬ ቺፖች የሚሠሩበት ዓይነት፣ ኃይል የሚበላው በሁለት መንገድ ነው፦ አንደኛው ሥራ ባይኖርም በትራንዚስተሮቹ ሾልኮ የሚያልፈው፣ ሊኬጅ የምንለው፤ ሁለተኛው ሽቦዎቹ ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 በተገላበጡ ቁጥር የሚጠፋው። ይህ ሁለተኛው ከካፓሲታንሱ፣ ከቮልቴጁ ስኩዌር፣ ከክሎኩ ፍጥነትና ከመገላበጡ ድግግሞሽ ጋር ያድጋል። ሦስቱን ሶፍትዌሩ ያውቃቸዋል። ሽቦው ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ ግን ዳታው ነው የሚወስነው። ከሲሙሌሽን የተቀዳ የእንቅስቃሴ ፋይል ካልተሰጠው፣ ሽቦው በ12.5 በመቶው ክሎክ ይገላበጣል ብሎ ይነሳል። ተማሪዬ ፋይሉን አልሰጠችውም። በዚያ ላይ ግምቱ አክስለሬተሩ ያለ እረፍት እየሠራ ነው ብሎ ያስባል፤ የእሷ ግን ከ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ 6ቱን ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ 2.4 ዋት የአማካይ ኃይል ቁጥር ሊሆን አይችልም።

0.1 ዋትስ?

ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። አምስት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ይጋራል፤ ወሩ ሲያልቅ ሂሳቡ ይመጣል፤ ምጣዱን ማን እንደጣደ፣ የማን ፍሪጅ አሮጌ እንደሆነ ቆጣሪው አይናገርም። ቦርዱም እንደዚያው ነው። ከ12 ቮልት አዳፕተሩ የሚገባው ኃይል ለማራገቢያው፣ ለዲዲአር ሜሞሪው፣ ለኢተርኔቱ፣ ለኮሮቹና ለኤፍፒጂኤው ይከፋፈላል። መግቢያው ላይ መለካት ጠቅላላውን ይሰጣል እንጂ የአክስለሬተሩን ድርሻ አይለይም። ለዚህ ሲሉ ነው የቦርድ ሠሪዎች በዋና ዋናዎቹ መስመሮች ላይ ትንንሽ የውስጥ ቆጣሪዎች የሚያስቀምጡት። የእኛው ቦርድ ላይ ያሉት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አይኤንኤ226 ቺፖች ናቸው። እኛን የሚመለከተው መስመር ቪሲሲኢንት ይባላል፤ የኤፍፒጂኤውን ሎጂክ በ0.85 ቮልት የሚመግበው እሱ ነው።

አይኤንኤ226 ራሷ ከረንት አትለካም። መስመሩ ላይ በጣም ትንሽ የሆነ ሻንት ሬዚስተር አለ፤ ከረንቱ በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ሚሊቮልት ይወድቃል፤ ቺፗ የምታየው ያንን ነው። በ16 ቢት፣ አንዷ እርከን 2.5 ማይክሮቮልት፣ ጣሪያው 81.92 ሚሊቮልት። ከዚያ ከረንቱን የሚያሰላው ሶፍትዌር ነው፤ የወደቀውን ቮልቴጅ ለሬዚስተሩ ዋጋ በማካፈል። የሬዚስተሩን ዋጋ ደግሞ ቺፗ አታውቅም፣ ሊኑክስም አያውቅም። ዲቫይስ ትሪ በሚባለው የቦርዱ መግለጫ ፋይል ውስጥ ሰው በማይክሮኦም ይጽፍለታል፤ ሴንሰሯን የሚያነበው የሊኑክስ ክፍል፣ ድራይቨሩ፣ አምኖ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በማይክሮዋት እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ ተጽፎ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይነበባል። ስድስትና ሰባት አሃዝ ሲደረደር ዓይን ያታልላል። ተማሪዬን ብቻ አይደለም ያታለለው፣ እኔንም ጭምር ነው።

የጋሼ አምፖል

የላቡ ቴክኒሽያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጭቅጭቃችንን ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው ጣልቃ ገቡ። “አዲስ ቆጣሪ ሲገባላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ የምታውቁትን አምፖል ብቻ አብርታችሁ ታያላችሁ እንጂ በሂሳቡ ትጣላላችሁ?”

ትክክል ነበሩ። ቪሲሲኢንት ላይ አምፖል መስቀል አይቻልም፤ ግን ኤፍፒጂኤው ራሱ አምፖል ሊሆን ይችላል። ተማሪዬ በአንድ ከሰዓት ሥራ እጅግ ብዙ ፍሊፕፍሎፖችን፣ ማለትም አንዳንድ ቢት የሚይዙ ሰርኪቶችን፣ እያንዳንዱ ቢቱን ለቀጣዩ እንዲያቀብል እንደ ረጅም ሺፍት ሬጅስተር ደርድራ፣ 1010 ሞልታ፣ በእያንዳንዱ ክሎክ ሁሉም እንዲገላበጡ አደረገች። ጥቅም የሌለው፣ ኃይል ከመብላት በቀር ሥራ የሌለው ዲዛይን ነው፤ በአንዲት ቢት ይበራል፣ ይጠፋል። አዳፕተሩን ነቅለን ቦርዱን በላብ ፓወር ሰፕላይ ላይ አደረግነው፤ የ12 ቮልቱ ከረንት ፊት ለፊት እንዲታየን። ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ የመሰኪያውን ፕላስና ማይነስ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ሁለተኛ ዕድል አይኖርም።

አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ መግቢያው 1.75 አምፔር ይስባል፤ 21.0 ዋት። ሲበራ 2.65 አምፔር፤ 31.8 ዋት። ጭማሪው 10.8 ዋት። በዚያው ቅጽበት የቪሲሲኢንት ቆጣሪ ያሳየው ጭማሪ ስንት ነው? 3.7 ዋት።

ቀሪው 7.1 ዋት የት ሄደ? ከ12 ቮልት ወደ 0.85 ቮልት የሚያወርደው ሬጉሌተር የራሱን ኪሳራ ይወስዳል፤ ግን ጤነኛ ስዊቺንግ ሬጉሌተር ከሚገባለት ከ80 በመቶ በላይ ያሳልፋል እንጂ 34 በመቶ አይደለም። ጋሼ ጎንበስ ብለው ሬጉሌተሩን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉና፣ “ይሄማ 7 ዋት የሚያቃጥል ነገር አይደለም። ቢሆን ኖሮ ጣቴን እዚህ ታገኙት ነበር” አሉ። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ቆጣሪው ዞረ።

እዚህ ላይ ልንከስር ምንም አልቀረንም ነበር። ተማሪዬ ኦሲሎስኮፑን አስነስታ የፕሮቡን የግራውንድ መቆንጠጫ ወደ ሻንቱ አንድ ጫፍ ስታስጠጋ አየኋትና ጮህኩ። የሻንቱ ሁለቱም ጫፎች ከግራውንድ 0.85 ቮልት ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት። የኦሲሎስኮፑ መቆንጠጫ ደግሞ በግድግዳው ሶኬት በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቦርዱም በላፕቶፑ ኬብልና በሌሎች ገመዶች እዚያው መሬት ላይ ይደርሳል። መቆንጠጫው ቢነካ ኖሮ የቺፑን ዋና መስመር በቀጥታ ሾርት ታደርገው ነበር። ዲፈረንሻል ፕሮብ፣ ከመሬት ሳይያያዝ የሁለት ነጥቦችን ልዩነት ብቻ የሚያይ፣ ያለው ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ እኛ ግን የለንም። ሁለት ፕሮብ ተጠቅሞ ማቀናነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ባለ 8 ቢት ኦሲሎስኮፕ 1 ቮልት ለማየት ሲዘረጋ አንዷ እርከኑ 4 ሚሊቮልት ገደማ ስለምትሆን፣ የምንፈልገው ጥቂት ሚሊቮልት እዚያው ውስጥ ይሰምጣል።

መፍትሔው ጋሼ ኪስ ውስጥ ነበር። በባትሪ የሚሠራ መልቲሜትር ከመሬት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በሚሊቮልት ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፍ ሻንቱ ላይ አሳረፉ። አምፖሉ በርቶ ሳለ 26.7 ሚሊቮልት። እኔ በበኩሌ ድራይቨሩን አልፌ ከአይኤንኤዋ የሻንት ሬጅስተር ጥሬውን ቁጥር አነበብኩ፤ በ2.5 ማይክሮቮልት ሳባዛው ያው 26.7 ሚሊቮልት ወጣ። ቺፗ እውነቷን ነው። ስሌቱ ነው የዋሸው።

የዲቫይስ ትሪውን ፋይል ከፈትኩ። ከቪሲሲኢንት ሴንሰር ጎን 5000 ማይክሮኦም ይላል። የቦርዱን ስኬማቲክ፣ የሰርኪቱን ሥዕል፣ ከፈትኩ። 2 ሚሊኦም ይላል። ያንን ፋይል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ለተማሪዬ ከርነሉን ሳዘጋጅ የአንዱን መስመር መግለጫ ጽፌ፣ ለቀሩት ኮፒ ፔስት አድርጌ፣ አድራሻቸውን ብቻ ቀይሬ ነበር። አብዛኞቹ መስመሮች እውነትም 5 ሚሊኦም ናቸው። ቪሲሲኢንት ግን ትልቅ ከረንት ስለሚያልፍበት ሬዚስተሩ ያነሰ ነው። 2 ለ5 ሲካፈል 0.4፤ የዚያ መስመር ቁጥር ሁሉ ከእውነቱ 40 በመቶውን ብቻ ሲያሳየን ከርሟል። 3.7 ዋት የተባለው 9.25 ዋት ነበር፤ 9.25 ለ10.8 ሲካፈል 86 በመቶ፤ ሬጉሌተሩም ከሐሜት ነፃ ወጣ።

ተማሪዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። “ምንም አይደል መምህር፣ ግን አሁንም 0.25 ዋት ነው” አለች። 0.1 ለ0.4 ሲካፈል ነው። አሁንም ከ2.4 በጣም ይርቃል።

ጠዋትና ከሰዓት

ሁለተኛውን ነገር ያገኘሁት የምትለካበትን ቅደም ተከተል ስጠይቃት ነው። ጠዋት ቦርዱን አስነስታ ወዲያው አክስለሬተሩን እያሠራች ትለካለች፤ ምሳ በልታ ስትመለስ አጥፍታው ትለካለች፤ ሁለቱን ታቀናንሳለች። ቺፑ ግን ጠዋት 41 ዲግሪ ነበር፣ ከሰዓት 52 ዲግሪ። ሊኬጅ ከሙቀት ጋር ይጨምራል፤ ምንም ሥራ ሳይኖር ቪሲሲኢንት ላይ የሚበላው በእውነተኛ ቁጥር ከ1.9 ዋት ወደ 2.1 ዋት ከፍ ብሏል። ስለዚህ “ጠፍቶ” ያለችው ልኬት በሙቀት ምክንያት 0.2 ዋት አብጧል፤ ከ“በርቶ”ው ላይ ሲቀነስ ያንን ያህል ትርፍ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ቀላል ነገር ነው፦ ቦርዱ በደንብ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት እንተወዋለን፤ ከዚያ በየ30 ሰከንዱ በርቶ፣ ጠፍቶ፣ በርቶ፣ ጠፍቶ እያልን እንለካለን። ሙቀቱ ቢንሸራተትም ሁለቱንም እኩል ይነካል። በቺፑ ውስጥ ያለው የሙቀት ሴንሰር ለዚህ ይጠቅማል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ይህ የውስጥ ሴንሰር ኃይልም የሚለካ ይመስለዋል። ሙቀትና ቮልቴጅ ብቻ ነው፤ ከረንት አያይም።

እንዲህ ስንለካ ልዩነቱ 0.45 ዋት ሆነ። አሁን ሂሳቡ ወደ ኋላም ይሠራል። 0.45 ዋት፣ ሥራው የሚይዘው ጊዜ ከ40 ሚሊሰከንድ 6ቱን ማለትም 15 በመቶውን ስለሆነ፣ በሥራው ጊዜ 3.0 ዋት ማለት ነው። ይህን 3.0 ዋት በ15 በመቶ፣ ከዚያ በእኔ 0.4 ብታባዙት 0.18 ይመጣል፤ የሙቀቱን 0.2 ዋት በ0.4 አባዝታችሁ፣ 0.08ን ስትቀንሱ የተማሪዬ 0.1 ዋት ቁጭ ይላል። የቪቫዶ 2.4ም በዚህ ዓይን ሲታይ ያን ያህል አያሳፍርም፤ 12.5 በመቶ የሚለው ግምቱ ለእሷ ዳታ ዝቅ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ማንም አይወቅሰንም ነበር። ነገር ግን 3.0 ዋት የሚለው ቁጥር በስሌት የመጣ እንጂ ያየነው አይደለም፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት የራሴን ስሌት የማመን ፍላጎት አልነበረኝም።

መስኮቱ

ቁጥሮቹን በፍጥነት ስናነብ አንድ የሚገርም ነገር ይታይ ነበር። የቪሲሲኢንት ኃይል ከመነሻው በላይ አንዴ 0.1 ዋት፣ አንዴ 0.5 ዋት እያለ፣ በ0.3 ሰከንድ ገደማ ወጣ ገባ ይላል። አክስለሬተሩ በ0.3 ሰከንድ የሚያደርገው ምንም ነገር የለም።

ምክንያቱ አይኤንኤዋ የምትሰጠው የአሁኑን ቅጽበት ቁጥር አለመሆኑ ነው። እንደ ፋብሪካው አቀማመጥ አንድ የሻንት ልኬት 1.1 ሚሊሰከንድ ይፈጅባታል፣ አንድ የቮልቴጅ ልኬት ሌላ 1.1 ሚሊሰከንድ፤ ሁለቱን እየተፈራረቀች ታያለች። የሊኑክስ ድራይቨር ደግሞ ሲነሳ የ16 ልኬት አማካይ እንድትሰጥ ያዛታል። 16 ጊዜ 2.2፣ 35.2 ሚሊሰከንድ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር የ35.2 ሚሊሰከንድ መስኮት አማካይ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹን ጊዜ ከረንቱን ሳይሆን ቮልቴጁን ነው የምታየው። የእኛ ሥራ በ40 ሚሊሰከንድ ይደጋገማል። መስኮቱ የ6 ሚሊሰከንዷን ሥራ ሙሉ በሙሉ ሲይዝ 0.51 ዋት ይላል፤ በሁለት ሥራዎች መካከል ባለው 34 ሚሊሰከንድ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጫፏን 1.2 ሚሊሰከንድ ብቻ ይነካና 0.10 ዋት ይላል። 35.2 እና 40 ሲቀዳደሙ የሚፈጥሩት ዙር 293 ሚሊሰከንድ ነው፤ ያ ነው የ0.3 ሰከንዱ ማዕበል። ለአማካይ ኃይል ይህ ምንም አይጎዳም፣ ብዙ ቁጥር ከሰበሰቡ አማካዩ ልክ ይመጣል። አንዷን ንባብ ይዞ “ይሄ ነው የአሁኑ ኃይል” ለሚል ሰው ግን ወጥመድ ነው።

መስኮቱን ማጥበብ ይቻላል። ሴንሰሯን ከድራይቨሩ አላቀን በሲ ቋንቋ ራሳችን በጻፍነው ፕሮግራም ያዝናት። የማዘዣ ሬጅስተሯ ላይ በአስራስድስትዮሽ 4205 ጻፍን፤ ትርጉሙ ሻንቱን ብቻ ያለማቋረጥ እዪ፣ በ140 ማይክሮሰከንድ፣ የ4 አማካይ ስጪ ነው። በየ560 ማይክሮሰከንዱ አዲስ ቁጥር ይመጣል። ቮልቴጁን ለብቻው በሥራም በእረፍትም ለክተን 0.85 ላይ መጽናቱን ስላየን እሱን በቋሚነት ወሰድን። አይኤንኤዋ የመጨረሻውን ሬጅስተር ስለምታስታውስ በየንባቡ ሦስት ባይት ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ ሴንሰሯ ከፕሮሰሰሩ ጋር በምትነጋገርበት በ400 ኪሎኸርትዝ የአይቱሲ መስመር 70 ማይክሮሰከንድ ገደማ፤ ሊኑክስ የራሱን ቢጨምርበትም ይደርሳል። ልኬቱ ሲፈጥን ጫጫታውም ይጨምራል፤ የ140 ማይክሮሰከንዱ ንባብ እንደ 1.1 ሚሊሰከንዱ የረጋ አይደለም።

ጫጫታውን ለማሸነፍ የተጠቀምንበት ዘዴ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የወደድኩት ክፍል እሱ ነው። አክስለሬተሩ ሥራ በጀመረ ቁጥር ሰዓቱን እንመዘግባለን፤ እያንዳንዱ የኃይል ንባብም የራሱ ሰዓት አለው። ለ10 ደቂቃ እናሠራዋለን፤ 15,000 ዙር። ከዚያ ሁሉንም ዙር እንደ ነጠላ አጣጥፈን አንዱን በአንዱ ላይ እንደርበዋለን። የእያንዳንዷ ንባብ ቦታ “ሥራው ከጀመረ ስንት ሚሊሰከንድ አለፈ” የሚለው ይሆናል። ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የሚደጋገመው ብቻ ይቀራል። ተማሪዬ ግራፉን ስታወጣ ጠረጴዛ የመሰለች ጉብታ ቁልጭ ብላ ታየች፦ 6 ሚሊሰከንድ ስፋት፣ ቁመቷ ከ3.0 ዋት ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ብቀር ይከፋኛል። የሚለካው ፕሮግራም ራሱ ኃይል ይበላል። መጀመሪያ ተማሪዬ የተጠቀመችበት የፓይተን ስክሪፕት ቁጥሩን እያነበበ፣ እያተመ፣ ግራፍ እየሳለ ነበርና የፕሮሰሰሩን መስመር ቆጣሪ ከፍ ያደርገው ነበር። ቪሲሲኢንትን አይነካም፤ የሁሉንም ድምር ለሚሠራ ሰው ግን የለካው ራሱን ነው። የሲውን ፕሮግራም በአንድ ኮር ላይ ብቻ አሰርነው፣ ቁጥሮቹን ሜሞሪ ውስጥ ብቻ እያጠራቀመ መጨረሻ ላይ እንዲጽፍ አደረግነው፣ አክስለሬተሩ ጠፍቶም ቢሆን እንዲሮጥ ተውነው። እንዲህ ሲሆን በሁለቱም በኩል ስላለ ሲቀነስ ይሄዳል። ሌላም፦ ቦርዱ እንደገና ሲነሳ የሴንሰሮቹ ተራ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል፤ ተማሪዬ ለሁለት ቀን የሌላ መስመር ቁጥር ስትሰበስብ ነበር። በተራ ቁጥር ሳይሆን በአይቱሲ አድራሻቸው መፈለግ ነው።

ከጉብታዋ በፊት

ዘዴው ስለሠራ፣ በዚያው መንገድ የፕሮሰሰሩን መስመር ለማየት ወሰንን። ኮሮቹን የሚመግበው መስመር የራሱ አይኤንኤ226 አለው፤ 5 ሚሊኦም፣ ይህንንስ ስኬማቲኩ ላይ አረጋግጠናል። እንደገና 10 ደቂቃ፣ እንደገና ማጣጠፍ።

አክስለሬተሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ለ14 ሚሊሰከንድ ያህል፣ 1.4 ዋት የሚሆን ሌላ ጉብታ ተቀምጧል። ኮሮቹ ምስሉን ሲያሳንሱ ነው። 1.4 በ14፣ 19.6 ሚሊጁል። የአክስለሬተሩ 3.0 በ6፣ 18 ሚሊጁል። ተማሪዬ ስድስት ወር የደከመችበት፣ ምስሉን የሚለየው የነርቭ ኔትወርክ የሚበላው፣ በአንድ ቀን ከላይብረሪ ወስዳ የለጠፈችው የምስል ማሳነሻ ከሚበላው ያነሰ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ግራፉን አየችው።

ከዚያ የተከራከርነው የትኛው ቁጥር ማሟያው ላይ ይጻፍ በሚለው ነው። እሷ 18 ሚሊጁል በምስል ብላ መጻፍ ፈለገች፤ ያነበበቻቸው ብዙ ሥራዎች እንዲህ ነው የሚጽፉት። እኔ አልተስማማሁም። አክስለሬተሩ ሥራ በማይሠራበት ጊዜም ቪሲሲኢንት 2.1 ዋት ይበላል፤ በ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ 84 ሚሊጁል ነው። 18ቱ ሲጨመር 102። በባትሪ ለሚሠራ ካሜራ ባትሪው የሚከፍለው 102ቱን ነው፣ 18ቱን አይደለም። እሷም መልስ ነበራት፦ “ግን መምህር፣ ምስሎቹ ያለ ክፍተት ቢመጡ የሊኬጁ ድርሻ እኮ 2.1 በ6፣ 12.6 ብቻ ነው፤ ድምሩ 30.6 ይሆናል። 102 የዲዛይኔ ሳይሆን የካሜራው ቁጥር ነው።” ይህም እውነት ነው። ምስል ማሳነሱ 14 ሚሊሰከንድ እየፈጀ ግን ምስሎቹ ያለ ክፍተት ሊመጡለት አይችሉም፤ የሱ ጣሪያ በሰከንድ 71 ነው። መጨረሻ ላይ ሦስቱንም ጻፈች፤ እያንዳንዱ የተለካበትን መስኮት፣ ሙቀትና መስመር በአጠገቡ አድርጋ። ሰንጠረዡ እንደ በፊቱ ዓይን አይስብም።

ጋሼ ነጭ ፕላስተር ቆርጠው “ቪሲሲኢንት 2 ሚሊኦም” ብለው በእስክሪብቶ ጽፈው ቦርዱ ጠርዝ ላይ ለጠፉበት። ስሜንም ከታች ሊጨምሩ ነበር፣ እንዲተዉኝ ለመንኳቸው።

ተማሪዬ ባለፈው ሳምንት ምስል ማሳነሱን ወደ ኤፍፒጂኤው አዛወረችው። የፕሮሰሰሩ ጉብታ ጠፍቷል። ቪሲሲኢንት ላይ ግን ከአክስለሬተሩ ጉብታ ፊት ለፊት፣ 2 ሚሊሰከንድ የማትሞላ አዲስ ትንሽ ጉብታ በቅላለች። በ560 ማይክሮሰከንድ ንባብ ሦስት አራት ነጥብ ብቻ ነው የሚያርፍባት፤ ቁመቷን ለመናገር ዛሬ ማታ ለረጅም ጊዜ እያሠራናት እናድራለን።